የሰንጢ መፈተሻው ጠረጴዛ ለማን ይሁን

እኔ በመንደሩ «አቶ መልሰው» እየተባልኩ የምጠራ ሽማግሌ፣ ዛሬ ሰኞ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ባለችበት ረፋድ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ትራስ ተደግፌ፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን በምስክሮች ፊት እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፣ እግሬ አብጧል፣ ዓይኔም ጨልሟል፤ አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። የሚጠራጠር ካለ አንድ ሰንጢ በእጄ አስይዞ ይፈትነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አላባበለኝም። ሊያባብለኝ የሚችል ሰው ቢኖር ባለቤቴ ብቻ ነበረች፤ እርሷ ደግሞ መድኃኒትህን በሰዓቱ አልዋጥክም ብላ ከጠዋት ጀምራ አኩርፋኛለች።

የሚጽፉልኝ ጎረቤታችን ጡረተኛዋ መምህርት ናቸው። የማላየውን ወረቀት ስለምፈርም፣ ሲያበቁ ከራስጌው እስከ ግርጌው ጮክ ብለው ያነቡልኛል፤ ከዚያም ራሳቸው ሦስተኛ ምስክር ይሆናሉ። ሁለቱ ምስክሮቼ አናጢውና ልብስ ሰፊው ናቸው፤ በልጅነታችን አብረን ጭቃ ያቦካን ሰዎች ነን። መምህርቷ አጠር ያድርጉት፣ ነገር ቢያበዙት በአህያ አይጫንም ብለውኛል። እኔ ግን የምቸኩልበት ቦታ የለኝም። የምናገረውን ብቻ ሳይሆን በዚህ ክፍል የሚነገረውን ሁሉ እንዲጽፉ ለምኛቸዋለሁ።

«መልሰው» የሚለውን ስም ያወጡልኝ ድሮ አብረውኝ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። በዚህ ቤት የተሠራ ሰንጢ ሁሉ ማኅተም ከመመታቱ በፊት በእኔ ጠረጴዛ ያልፋል፤ ጉድለት ያገኘሁበትን «መልሰው» ብዬ ወደ ሠሪው እገፋዋለሁ። ፊት ለፊት አቶ መልሰው ሊሉኝ አይደፍሩም ነበር። ዛሬ ግን ሐኪሙ ሳይቀር በዚሁ ነው የሚጠራኝ፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። የበኩር ልጄ በመሳያው ድንጋይ ፊት ተቀምጣ ስለት ታወጣለች። ታናሽ ወንድሟ ስለቱን ከሞላውና ከእጀታው ጋር ይገጣጥማል። ሁለቱ ተኳርፈው ብዙ ክረምት አልፏል። አሁን ደግሞ በሌላ ከተማ ያለ የቢላ ፋብሪካ ወንድ ልጄን ና፣ እንቅጠርህ ብሎታል፤ እርሱም እስካሁን እሺም እምቢም አላለም። እኔ ዓይኔን በጨፈንኩ ማግሥት ሻንጣውን አንሥቶ ይሄዳል፣ እህቱም ደህና ሁን ሳትለው ትቀራለች ብዬ እፈራለሁ። የምፈራው ሞትን አይደለም፤ ይህንን ነው። ይህ ወረቀት ንብረት ማካፈያ ቢመስልም ያስጻፍኩት ለዚሁ ነው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ይህ ቤት ከነጓሮው ባለቤቴ በሕይወት እስካለች ድረስ የእርሷ ነው። እዚህ ግቢ፣ ከዚያ ውጪ የሚላት እንዳይኖር። ሰው ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ ሲያልፍ እኔ በእርሷ ጠረጴዛ ሳልፍ ኖሬአለሁ፤ ስንት ጊዜ «መልሰው» ማለት ስትችል አላለችም። ይህን በጤናዬ ጊዜ ልነግራት እያሰብኩ አፌ እየተሳሰረ ቀረ። አሁን ሲጻፍ ከበሩ ወዲያ ሆና እንደምትሰማ አውቃለሁ፤ ሳህን ማጠቧን አቁማለች።

መሰላሌ ለልብስ ሰፊው ይሁን። ጣሪያዬን ላድስ ብሎ ወሰደው፤ ጣሪያው ታድሶ እንደገና እስኪያረጅ ድረስ አልመለሰውም። ይኸው እዚህ ተቀምጦ ይስቃል። ይውሰደው፤ ከቤቴ ከወጣ ስለ ቆየ ተሸካሚ እንኳ አያስፈልገውም። ለእጀታ ብዬ ያደረቅሁት ጠንካራ እንጨት ለአናጢው ነው። በር ሊሠራበት ቢያስብ ግን ከመቃብሬ ተነሥቼ እጁን እይዘዋለሁ፤ ያ እንጨት ለትንሽ ነገር የሚሆን ነው።

የመሳያው ድንጋይ ከነሞተሩ የሴት ልጄ ነው። መስፉ፣ ሞርሳው፣ መዶሻዎቹና ሞረዶቹ የወንድ ልጄ ናቸው። ሁለቱም ከእኔ ሳይቀበሉ በላባቸው የራሳቸው አድርገዋቸዋል። ለሁለቱም በጋራ «የተመለሱት ሣጥን» የምንለውን እተውላቸዋለሁ። በውስጡ በዕድሜዬ ሁሉ የመለስኳቸውና ሠሪዎቻቸው ሊያቃኗቸው ያልቻሉ ሰንጢዎች አሉ። ሰው ከጥሩ ሰንጢ የሚማረው ጥቂት ነው፤ ከመጥፎው ግን ብዙ ይማራል።

ዳኝነቱንም አወርሳለሁና መምህርት፣ እባክዎ ቃል ሳያጎድሉ ይጻፉት።

ሰንጢን ስትፈትኑ መጀመሪያ አትክፈቱት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እንደተዘጋ መዳፋችሁ ላይ አስተኙትና ጣታችሁን አሂዱበት። የስለቱ ጫፍ ብቅ ብሎ ከቧጨራችሁ ሌላውን ማየት አያስፈልግም፤ የባለቤቱን ኪስ የሚበላ ሰንጢ ነው። ቀጥሎ ጀርባውን ወደ መስኮት አዙሩና በሞላውና ከእጀታው ሥር ባለው የናስ ሉህ መካከል ብርሃን ፈልጉ። ዛሬ ብርሃን የገባበት ነገ ውሃ ይገባበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዝገት ነው። እጀታው አጥንት ከሆነ በሚስማሮቹ ዙሪያ ያለውን ተመልከቱ። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች ሠሪው መዶሻ አብዝቷል፤ ነጋዴው የአጥንቱ ጌጥ ነው ቢላችሁ አትስሙት።

አሁን ክፈቱት። ጥፍር የሚሰብር ሞላ ሲያጋጥም ነጋዴ «ጠንካራ ነው» ብሎ ያሞግሰዋል። ሠሪው መሞረድ ስልችት ብሎት የተወው ነው እንጂ ጥንካሬ አይደለም። በጣት ገፋ ሲደረግ የሚከፈተውም ኪስ ውስጥ አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል። ደኅናው ስለት በጥፍር ሲያዝ እሺ ይላል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ይላል፣ ከዚያ ተገፍቶ ሲዘረጋ «ቀጭ» ብሎ ይገባል። ያቺን «ቀጭ» እወቋት። የደከመ ሞላ ድምፁ ዱልዱም ነው፤ ጥርት አይልም። ሲዘጋም፣ ሲጋመስም፣ ሲዘረጋም ጀርባውን ዳስሱ፤ ሞላው ከናሱ ጋር እኩል ካልሆነ ይመለስ። ስለቱንም በሁለት ጣት ይዛችሁ ግራና ቀኝ ወዝውዙት። የሚነቃነቅ ጥርስ ተነቅሎ ይገላግላል፤ የሚነቃነቅ ስለት ግን የሰው ጣት ይዞ ነው የሚሄድ። ቅንጣት እንኳ ቢነቃነቅ፣ የሠሪው ልጆች ጾማቸውን ቢያድሩም ይመለስ። ይህን ስል ጨካኝ ተብያለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን የእኛ ማኅተም ያለበት ሰንጢ ቆረጠኝ ብሎ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም።

ባለ ብዙ ስለቱ ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ፈተና አለበት። ሦስት ስለቶች በአንድ ጠባብ እጀታ ውስጥ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ሦስቱም ቀጥ ብለው ከገቡ ይፋተጋሉ። ስለዚህ ገጣጣሚው እያንዳንዱን ከሥሩ በመዶሻ ጥቂት ያጎብጠዋል፤ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ፤ ያን ጊዜ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። ለማያውቅ ሰው ጉብጠቱ ጉድለት ይመስለዋል። ለሚያውቅ ደግሞ ጉብጠት የሌለው ነው ጉድለት ያለበት።

የልጆቼ ጠብ የመጣው በዚህች ጉብጠት ነው። ለእናታቸው ስጦታ የሚሆን ባለ ሦስት ስለት ሰንጢ አብረው ሠሩ፤ ለእኔ እንኳ ሳይነግሩኝ። ማጎበጥ የሚመጣው ስለቱ ተስሎ ካበቃ በኋላ ነው። ወንድ ልጄ ግን ሊያስደንቃት ቸኩሎ ትልቁን ስለት አስቀድሞ አጎበጠና ለመጨረሻ ጊዜ እንድትስለው ለእህቱ ላከላት። እርሷ ደግሞ ከወንድሟ ጎባጣ ስለት ተቀብላ አታውቅም፤ እሳት ላይ የጣመመበት መሰላት። አባባ ሳያይበት፣ እርሱም ሳያፍር ብላ ቀጥ አድርጋ አቃናችውና ስላ መለሰችለት። እርሱ አጉብጬዋለሁ ብሎ አምኖ ሳያይ ገጠመው። ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፤ ትልቁ ትንሹን ፋቀው። እንደ መስታወት የተወለወለው ትንሹ ስለት ላይ ጭረት ወጣበት።

መልሱት አልኩ። ዛሬም ቢያመጡት እመልሰዋለሁ።

እርሱ «ሥራዬን አበላሸሽብኝ» አላት። እርሷ «ደብቄ ባቃናሁልህ» አለችው። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ እውነት የያዙ ሁለት እልኸኞች ከሚጣሉ ሁለት ውሸታሞች ቢጣሉ ይሻላል፤ ውሸታም ቶሎ ይታረቃል። ባለቤቴ ሰንጢውን ከእጃቸው ነጥቃ «የእኔ ነው፣ ማንም አይነካብኝ» ብላ ከነጭረቱ ወሰደችው። እነርሱ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ተዘጋጉ።

ከዚያ በፊት ወንድ ልጄ እህቱን «እትዬ» ነበር የሚላት። እትዬ ካልበላች አይበላም ነበር። ከጠቡ በኋላ «ሴትዮዋ» ሆነች። በአንድ ሥራ ቤት እየዋሉ የሚነጋገሩት በእናታቸው በኩል ሆነ። «ለሴትዮዋ ንገሪያት፣ ስለቱ ወፍሯል።» «ለልጅሽ ንገሪው፣ ዓይኑን ይታጠብ።» ባለቤቴ ጉልበቷ እስኪዝል ተመላለሰች። አንድ ቀን ሰልችቷት «ወንድምሽ እጅሽ ይባረክ ብሎሻል» ብላ ከራሷ ፈጥራ ብትነግራት፣ ልጄ ድንጋዩን አቁማ «ምነው፣ አመመው እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

የዓይኔ ነገር እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ቀስ እያለ ነው የመጣብኝ። መጀመሪያ የሰው ፊት፣ ቀጥሎ የሰንጢ ፊት ደበዘዘብኝ። እኔም በጣትና በጆሮ መፈተን ጀመርኩ። ግን ጣት ከሞላው ሥር የገባ ብርሃን አይዳስስም፤ ጆሮ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አይሰማም። ይህን እያወቅሁ ጠረጴዛዬን አልለቀቅሁም፤ ከዚያ ወንበር ከተነሣሁ የምሄድበት ቦታ አልጋዬ ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበርና። የሚገርመው አንድም ሰንጢ ከገበያ አልተመለሰብኝም። ዓይን ለካ ትርፍ ነገር ኖሯል ብዬ ጥቂት ኮራሁ።

ኩራቴ ብዙ አልቆየም። ያሳለፍኩትን ሰንጢ በድምፁ አውቀዋለሁ። አንድ ደንበኛ መጥቶ የትናንቱን ያለፉት ከሚቀመጡበት ሣጥኔ አውጥቼ ብከፍት፣ ያ ትናንት ድምፁ የሰለለ ሰንጢ ጥርት አድርጎ «ቀጭ» አለ። ሰው ነክቶታል፤ የነካውም እጁ ደኅና ነው።

ከምሳ በኋላ ጋደም የማለት ልማድ አለኝ። አልጋዬን ከሥራ ቤቱ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ያን ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ነቅቼ ተኛሁ። መጀመሪያ የሴት ጫማ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የወንድ። ሣጥኔ ተከፈተ። ገባኝ፤ እርሷ በመስኮቱ ብርሃን ታያለች፣ ጉድለት ያገኘችበትን በጠረጴዛው ላይ ወደ እርሱ ትገፋለች፣ እርሱ ያስተካክልና መልሶ ይገፋላታል። ቃል የለም። የሰንጢ ድምፅ ብቻ ነው። በእናታቸው ካልሆነ ጨው እንኳ የማይቀባበሉት ልጆቼ፣ የአባታቸው ስም በገበያ እንዳይነሣ ብለው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። ወጥቼ ልስማቸው ፈለግሁ፤ እንዴት እወጣለሁ፣ ተኝቻለሁ እኮ።

ያን ጊዜ አሰብኩ። ዓይኔ ጠፍቷል፣ ጠረጴዛውን ለቅቄአለሁ ብል ያቺ የቀን ሰዓት ታበቃለች። ስለዚህ መፈተኔን ቀጠልኩ፤ በየቀኑም ተኛሁላቸው። ሰነባብቶ አንድ ቃል ሰማሁ፤ «ይሄኛው» አለች። በሌላ ቀን «ብርሃን ጋረድከኝ» አለችው፤ እርሱም «ይቅርታ» አላት። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ችግሩ ወንድ ልጄ የራሱን ስሕተት በየቀኑ ሲያርም ሥራው እየጠራ መሄዱ ነው። የሚስተካከል ጠፋ፤ ቶሎ ጨርሰው መነሣት ጀመሩ። ምን ላድርግ? ሆን ብዬ መጥፎ ማሳለፍ ጀመርኩ። በዕድሜዬ ሙሉ አንድ የሚነቃነቅ ስለት ያላሳለፍኩ ሰው፣ ለልጆቼ ሥራ ልፍጠር ብዬ አሳለፍኩ። እርሱም ሲያልቅብኝ ከተመለሱት ሣጥን አሮጌዎቹን እየመዘዝኩ ካለፉት ጋር ቀላቀልኩ። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር፤ የማያይ ሰው ይህን ቶሎ ያምናል።

አንድ ቀን ከግድግዳው ወዲያ «ውይ» የሚል ሰማሁ። ልጄን ስለት ነክቷታል። ወንበር ወደ ኋላ ተገፋ። ከዚያ የወንድ ልጄ ድምፅ፣ «እትዬ፣ አሳዪኝ» አለ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ትራሴ ራሰ። ባለቤቴ ገብታ ምን ሆንክ ብትለኝ ዓይኔን ያሳክከኛል አልኳት።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቼ ጠረጴዛውን እንዲህ አወርሳለሁ። ሥራ ቤቱ፣ የመፈተሻው ጠረጴዛ፣ ወንበሩና ማኅተሙ ለሁለቱ ልጆቼ በአንድነት ይሁን። ዓይኑ የእርሷ፣ ጆሮውና ጣቱ የእርሱ ነው። አንዱ ብቻውን ባሳለፈው ሰንጢ ላይ ማኅተም እንዳይመታ። ~~ከሁለቱ አንዱ ሥራ ቤቱን ትቶ ቢሄድ፣ በሄደበት ቀን ከጠረጴዛው፣ ከማኅተሙና ከሥራ ቤቱ ድርሻው ይነቀል፤ ለቀረው ይሁን።~~ ጨከንክ የሚለኝ ይኖራል። እኔ ከሌለሁ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ የሚሰማቸው የለም፤ ሌላ የማስርበት ገመድ አላገኘሁም።

ልጆቼ በበሩ አጠገብ ቆመው ይሰሙ ነበር። እዚህ ላይ ሴት ልጄ ገባች። የምትለውን እንዲጽፉ መምህርቷን አዘዝኳቸው። እንዲህ አለች፦

«አባባ፣ አንተ እኮ ስትተኛ ታንኮራፋለህ።»

አናጢው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ልጄ ቀጠለች። ማንኮራፋቴ መንገድ ላይ እንደሚሰማ፣ ከምሳ በኋላ በተኛሁባቸው በእነዚያ ቀናት ግን አንድም ጊዜ እንዳላንኮራፋሁ፣ ነቅቼ እንደምሰማቸው ገና በመጀመሪያው ሰሞን እንዳወቁ ተናገረች። ከተመለሱት ሣጥን የመዘዝኳቸውንም አንድ በአንድ ያውቋቸው ነበር። እጀታው የተሰነጠቀውን አሮጌ ሰንጢ ብቻውን ሦስት ጊዜ እንደጠገኑት፣ እኔም ሦስት ጊዜ መልሼ እንዳሳለፍኩት ነገረችኝ። ጉድ ነው። ልብስ ሰፊው መሰላሉን ረስቶ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት፤ በሳቅ ይሁን በሌላ አላውቅም።

ታዲያ እያወቃችሁ ለምን ቀጠላችሁ አልኩ። አሁን የመለሰልኝ ወንድ ልጄ ነው፤ ቃል ከአፉ በጉጠት የሚወጣ ልጅ ነው። አባታችን ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ የእኛን ድምፅ ይጠብቃል፣ ልቡም ደክሟል፣ እንግዲያው ለእሱ ስንል እንነጋገር ብለው ተስማምተው ኖሯል። የተስማሙትም በእናታቸው በኩል ነው። «ይሄኛው» የሚለውም፣ «ጋረድከኝ» የሚለውም፣ «ይቅርታ» የሚለውም አስቀድሞ በእናታቸው ተልኮ፣ ከዚያ ለእኔ ጆሮ የተነገረ ነበር። ባለቤቴም ይህን ሁሉ እያወቀች ትራሴን ስትገለብጥልኝ ከርማለች።

አልሸሽግም፣ ልቤ ስንጥቅ አለ። በደስታ የሰማሁት ሁሉ ለእኔ ተብሎ የተወለወለ ሆነብኝ። እንዲህ አልኩት፦

«‹እትዬ› ያልካትስ? እሱም ለእኔ ጆሮ ነበር?»

የመምህርቷ ብዕር መጫሩን አቆመ። ወንድ ልጄ እንዲህ አለ፦

«እሱስ አምልጦኝ ነው፣ አባባ።»

ልጄ ልታለቅስ መሀረብ ፈለገች። ያቀበላት ወንድሟ ነው፤ በእናቷ በኩል አይደለም። ይህን መምህርቷ ናቸው ያዩት፤ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ እንዲጽፉትም አዘዝኩ።

መምህርት ሆይ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢሄድ ድርሻው ይነቀል ያልኩትን ይሰርዙልኝ። በአዲስ ወረቀት መገልበጥ አያስፈልግም፤ ስርዙ ይታይ። ወንድ ልጄ ወደ ፋብሪካው ይሂድ አይሂድ አልጠየቅሁትም፤ አልጠይቀውምም። ቢሄድ ድርሻው ይጠብቀዋል። እህቱን እትዬ ብሎ የሚሰናበት ሰው የትም ቢሄድ ከቤቱ አልወጣም። እህቱም እርሱ በሌለበት ጊዜ ብቻዋን ብታሳልፍ ማኅተሙን ትምታ፤ ዓይኗን አምናለሁ። ይህን ከዚህ በፊት ነግሬያት እንደሆነ አላስታውስም፤ ካልነገርኳት አሁን ነግሬያታለሁ።

ከዚህ ወዲያ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም። ደስ ብሎኛል፤ ደክሞኛልም። በቃሌ የተናገርኩት፣ በፊቴም የተነበበልኝ ይህ ነው፤ ከዚህ በፊት የተናዘዝኩት ሌላ ኑዛዜ የለም። ስም መጻፍ ስለማልችል አሻራዬን አኑሬአለሁ፤ ጣቴን የመሩልኝ ሁለቱ ልጆቼ ናቸው።

የተናዛዡ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ

አንደኛ ምስክር፣ አናጢው፣ ፊርማ
ሁለተኛ ምስክር፣ ልብስ ሰፊው፣ ፊርማ
ሦስተኛ ምስክርና ጸሐፊ፣ ጡረተኛዋ መምህርት፣ ፊርማ

የጸሐፊዋ ማረጋገጫ፦ ከላይ የተሰረዘው በተናዛዡ ትእዛዝ፣ በእኛ ፊት የተሰረዘ ነው። ኑዛዜው ተነብቦና ተፈርሞ ካበቃ በኋላ ባለቤቱ መድኃኒቱን አስውጠውት፣ ብርድ ልብስ ለብሷል አልለበሰም ብለው ካዩት በኋላ መጋረጃውን ዘግተዋል። ልጆቹ ወደ ሥራ ቤት ገብተዋል፤ በስሱ ግድግዳ በኩል ሲነጋገሩ ድምፃቸው ይመጣ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ ግን አልሰማንም። መስማት ያልቻልነው ተናዛዡ ወዲያው እንቅልፍ ስለ ወሰደው ነው። ሦስታችንም ማንኮራፋቱን በጆሯችን ሰምተን ይህንን አረጋግጠናል።